ባትሪዎቹ ቂርቆስ የሚያድሩበት ምክንያት

ከደሴ አዲስ አበባ ደርሼ የተመለስኩት በጭነት መኪና ጋቢና ነው፤ ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል። የሠፈሬ ሴቶች "ምን አየሽ?" ሲሉኝ ስለ ፎቁና ስለ አስፋልቱ እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያየሁት ባትሪ ነው። ለምን ባትሪ ሳይ እንደሰነበትኩ ለመናገር ከባሌ መጀመር አለብኝ።

ባሌ ሲሳይ ሾፌር ነው። ከደሴ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፤ መኪናው ከትዳራችን በፊት የገዛት አሮጌ ኤንትሬ ናት። እኔ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። አብረን አስራ አንድ ዓመት ኖረናል፤ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ የአዲስ አበባው ጉዞ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ቀን ይረዝማል። "ምን አቆየህ?" ስለው መልሱ አንድ ነው። "ባትሪ ደክሞብኝ። ቂርቆስ ቻርጅ ሳስደርግ ሁለት ሌሊት አደርኩ።" ቻርጅ አድራጊዋ ሴት መሆኗን የነገረኝ ሳያስበው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ "ትርሐስ እኮ በርበሬ አታበዛም" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስሟን እየቆየ ይጠራት ጀመር። ትርሐስ እንዲህ አለች፣ ትርሐስ ቤት እንዲህ ነው። እኔ እቆጥራለሁ። ረዳቱ ለእህቱ ሠርግ ፈቃድ ሲወስድ ትምህርት ቤታችንም ለአጋማሽ ዓመት ተዘግቶ ነበርና "በሱ ቦታ እኔ እሄዳለሁ" አልኩት። ሳቀ። እንደማልቀልድ ሲያውቅ ሳቁን ተወው። ቦርሳዬ ውስጥ ከልብሴ ሥር የማስተማሪያ ዲፕሎማዬንና ወርቄን ከተትኩ። የፈራሁት እውነት ከሆነ በዚያች መኪና ላልመለስ ቆርጬ ነበር።

ሰኞ

ደሴ ላይ መኪና የሚያድረው አፍንጫውን ቁልቁል አድርጎ ነው። እዚህ ሜዳ ስለሌለ ሾፌሮቻችን ከአልጋ በፊት ቁልቁለት ይፈልጋሉ። ማታ ጎማው ሥር ታኮ ይደረጋል፤ ጠዋት ታኮው ይነሳና መኪናዋ ትንደረደራለች፤ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ሞተሩ ይነሳል። ባትሪ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ታኮውን የማነሳው እኔ ነበርኩ፤ እንጨቱን ታቅፌ እየሮጥኩ ጋቢና ላይ ስንጠለጠል ጎረቤቶቼ በየበራቸው ቆመው አዩኝ።

የጫነው ምስር ነበር። ኮምቦልቻን አልፈን፣ ሐርቡና ከሚሴ እየቆምን፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሸዋሮቢት ገባን። ሸዋሮቢት ሙቀት ነው። ሜዳ ነው ደግሞ፤ ሲሳይ መንደሩን ሁለቴ ዞሮ መኪናዋን የሚያዘነብልበት ቦታ አጣ። የአልጋ ቤቷ ባለቤት የማታውቀኝን ሴት "ምን አባቱ በጭነት መኪና ያንገላታሻል" ብላ እግሬን በቀዝቃዛ ውሃ አስነከረችኝ፤ ፓፓያ ቆርጣ ሰጠችኝ። ደሴ ለእንግዳ እሳት እናነዳለን፣ እነሱ ውሃ ያቀርባሉ። እኔ ክፍል ውስጥ ተኛሁ፤ ሲሳይ ጭነቱን ሊጠብቅ ጋቢና ውስጥ አደረ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ የመኪናዋ ሬድዮ ይሰማኝ ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ጠቅ አለና ዝም አለ። ደግሞ አዞረ፤ ጠቅ። ጢም ብላ የተጫነች መኪና በሰው አትገፋም። ከጎናችን ያደረ አንድ ሾፌር በሽቦ ገመድ አስሮ ጎተተንና ሞተሩ ተነሳ። ሰውዬው ገመዱን እየጠቀለለ በሲሳይ በኩል መጣ።

"ዛሬም ያው? በል ዶክተሯን ሰላም በልልኝ" አለው።

ከዚያ አንገቱን ሲያሰግግ እኔን አየ። ኮፍያውን አነሳልኝና ገመዱን ጠቅልሎ ሳይጨርስ ሄደ። ከሸዋሮቢት ጣርማበር አፋፍ ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ወጣን፤ ሦስቱንም ሰዓት ዶክተሯ ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም፣ ሲሳይም አልነገረኝም። ዋሻውን ስናልፍ ብርዱ ደሴ ደሴ ሸተተኝ። ደብረ ብርሃን ሻይ ጠጣን። ሞተሩን ማጥፋት ስለፈራ ሲሳይ ሻዩን የጠጣው መሪ ላይ ሆኖ ነው።

አዲስ አበባን በኮተቤ ገባን። ቂርቆስ ስንደርስ መኪናዋን ከዋናው መንገድ ዳር ለዘበኛ አስረክቦ ሁለቱን ባትሪዎች ፈታቸውና በእጅ ጋሪ አድርጎ መግፋት ጀመረ። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። የቂርቆስ መንደር መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሰው ሲመጣ አንዱ ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፋል። ደሴ ከበራችን ቆመን የጦሳን ተራራ እናያለን፤ እዚህ ከበር የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ሲሳይ ግን ሱቁን ሁሉ በስም እየጠራ ሰላም ይላል። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት "ሲስዬ መጣህ?" አለችው። ሲስዬ። እኔ እንኳ እንደዚያ ብዬው አላውቅም።

ጋሪው የቆመበት ግቢ ውስጥ ረጅም የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ በላዩ የመኪና ባትሪዎች ተሰልፈዋል፣ ሽቦ በሽቦ ተያይዘዋል፣ ከጥግ የቻርጅ ማድረጊያው የብረት ሳጥን እንደ ንብ ጥዝ ይላል። ትርሐስ፣ ያ ሾፌር "ዶክተሯ" ያላት፣ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች። አስቀያሚ እንድትሆን ከደሴ ጀምሮ ስጸልይ መጥቻለሁ፤ ጸሎቴ አልደረሰም። ረጅም ናት፣ ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ቀሚሷ ላይ አሲድ የበላቸው ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ያምሩባታል።

"አስካለ ነሽ አይደል?" አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። "ስላንቺ ሲያወራ አይጠግብም። በቃ፣ ዛሬ ከኔ አልጋ ነው የምትተኚው።"

አባቷ ጋሽ ተስፋይ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ድሮ የባትሪ ባለሙያ የነበሩ ናቸው፤ ዓይናቸው ሲደክም ሥራውን ለልጃቸው አስተማሩ። አባትና ልጅ የሚያወሩት በትግርኛ ነው። ሲሳይ ጉልበታቸውን ስሞ አንድ ነገር በትግርኛ አላቸው፤ ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ባሌ ትግርኛ እንደሚያውቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እቤት ሲገባ ግን በአማርኛ እንኳ ሁለት ቃል እንዲወጣው ስንት እለምነዋለሁ።

ራት ላይ በርበሬ አልበዛም። እውነቱን ነበር።

ረቡዕ

ሌሊቱን ከጎኗ ተኝቼ ትንፋሿን ሳዳምጥ ነው ያደርኩት። ጠዋት የቂርቆስ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ሲጀምር ተነሳች፤ ስመለከት ባትሪዎቻችን ተሞልተው በር ላይ ተቀምጠዋል። ሲሳይ ገጥሟቸው ምስሩን ሊያራግፍ ወደ ቄራ ሠፈር ሄደ። ከዚያም ካዛንቺስ ካለው የጭነቱ ባለቤት ቢሮ ወረቀት አስፈርሞ እንደሚመለስ ነገረኝ።

እኔ ቁጭ ብዬ አልቀረሁም። ትርሐስን ስትሠራ ልይ ብዬ መደርደሪያውን ተደግፌ ቆምኩ። ከመደርደሪያው በላይ አንድ ሣንቃ አለ፤ በሣንቃው ላይ የሲጋራ ፓኮ የምታክል የብረት ሳጥን። ፕላስተር ተለጥፎባታል፣ ፕላስተሩ ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት "የሲሳይ" ይላል። የባሌ ስም በሴት እጅ ተጽፎ ሳይ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ሳጥን ላይ ስም የሚጽፈው የራሱ ለሆነ ሰው ነው። ምንድን ናት ብዬ አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር።

"ካዛንቺስን ላያት" ብዬ ወጣሁ። ሲሳይን ልከተለው ነበር። የታክሲው ወያላ የማላውቀው ቦታ አወረደኝ፤ አንድ ሰዓት ያህል በሆቴሎቹና በቡና ቤቶቹ መካከል ስዞር ቆየሁ። ካዛንቺስ በቀን ምኗም አያስፈራም፤ ጸሐፊዎች ታኮ ጫማ አድርገው ምሳ ይሄዳሉ፣ ሊስትሮዎች ይጣራሉ። ደሴ አንድ ፒያሳ አለን፣ እዚያ ባል መጥፋት አይችልም፤ ሦስት ሰው "አሁን እዚህ ነበር" ይልሻል። እዚህ ባሏን የምትፈልግ ሴት ማንንም አታስገርምም።

ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል አየሁት። ከአንድ ቡና ቤት ወጣ፤ የካፖርቱ ኪሶች ሁለቱም ተወጥረዋል። ከሌላ ቡና ቤት ገባ። ትንሽ ቆይቶ ወጣ፤ ኪሱ ይበልጥ ተወጥሯል። አስተናጋጇ በር ድረስ ሸኝታው ትስቃለች። እኔ ከስልክ እንጨት ኋላ ቆሜ፣ ለቂርቆሷ የሚገዛላት ነገር ኪስ የሚሞላ መሆኑን እያሰብኩ፣ ለኔ መጨረሻ ጊዜ ያመጣልኝ የማድቤት ወንፊት መሆኑን አስታወስኩ።

ከሱ ቀድሜ ተመለስኩ። ጋሽ ተስፋይ በር ላይ ነበሩ። ሲሳይ ገባና ከፊታቸው ካለች ጠረጴዛ ላይ ኪሱን ዘረገፈው። ቆርኪ። የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ብቻ፤ ጠረጴዛውን ሞልቶ መሬት ወረደ።

"የድሮዎቹ ዝገው እጅዎን ይቧጭሩታል ብዬ ነው" አላቸው።

"ደግ አደረግህ። ለመሸነፊያህ አዲስ ይሻላል" አሉት፤ በጣታቸው እየዳበሱ ፊቱን ለብቻ፣ ጀርባውን ለብቻ ለዩት። ከዚያ ዳማ ጀመሩ። ሲሳይ እየጮኸ ይከራከራል፣ ይማላል፣ ይስቃል። አስራ አንድ ዓመት ሳላየው የኖርኩት ሰው ከፊቴ ተቀምጧል። እውነቴን ነው፣ ኪሱ ውስጥ የአንገት ሐብል ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለሐብል ስም አለኝ፤ ለዚህ ምን ብዬ ልጣላው?

መሸት ሲል ባትሪዎቹን ደግሞ አወጣቸው። "ሁለት ሌሊት ካልሆነ አይሞሉም" አለኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ቀሚሴን ሳነሳው በሆዱ በኩል ወንፊት ሆኗል። ትናንት የተደገፍኩት መደርደሪያ አሲድ ነክቶት ኖሯል፤ አሲድ ጨርቅን የሚበላው እያደረ ነው። ከደሴ ለእልህ የለበስኩት አዲስ ቀሚሴ ነበር። ትርሐስ ከሳጥኗ የራሷን ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ልኬ ሆነ። ቁርስ ላይ ሲሳይ ቀና ብሎ አየኝና "ያምርብሻል" አለኝ። እንጀራውን ትቼ ተነሳሁ።

ትርሐስ ከኋላዬ መጣች። መደርደሪያው ጋ ወስዳ ሁለቱን ባትሪዎቻችንን አሳየችኝ። ጫፏ ላይ የጎማ ኳስ ያላት የመስታወት ቱቦ አላት፤ ቱቦዋን ባትሪው ውስጥ ነክራ ውሃውን ትስባለች፣ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ከፍ ካለች ባትሪው ሞልቷል።

"ተመልከቺ፣ ይህቺ ሞልታለች። ይህቺም። አንድ ሌሊት በቅቷቸዋል፤ ትናንት ጠዋትም ሞልተው ነበር።"

"ሁለት ሌሊት ነው የሚለኝ።"

"አውቃለሁ።" እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "አስካለ፣ ሲመጣ ሁልጊዜ የደከመችው አንዷ ብቻ ናት። ሌላዋ ደህና ናት። ምክንያቱ ሬድዮኑ ነው። መኪናዋ በሁለቱ ነው የምትሠራው፣ ሬድዮኑ ግን የሚችለው የአንዷን ጉልበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቦውን ከአንዷ ላይ አስሮታል። መንገድ ላይ ባደረ ቁጥር ከአንዷ ብቻ ይጠጣል፤ ጠዋት አልነሳ ትላለች። የደሴ ሾፌሮች ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያስሩት፤ ከቁልቁለት ስለሚነሱ ጉዳቱ አይታያቸውም።"

"ለሱ ነግረሽዋል?"

ያቺን "የሲሳይ" የምትል ሳጥን ከሣንቃው አወረደችና እጄ ላይ አስቀመጠቻት። አቧራ ለብሳለች።

"ይህቺ የሁለቱን ጉልበት ለሬድዮኑ በልክ ቀንሳ ትሰጣለች። የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው ያስመጣሁለት። ነገ ትገጠማለች ይላል፣ በሌላ ጊዜ ይላል። እኔም ማለቴ... አልገፋሁትም። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ የሚስቀው እሱ ሲመጣ ነው። ጥፋቴ ይኼ ነው። ሌላ የለም።"

ዓይኗን አየሁት። ሌላ አልነበረም። ይህን ባየሁ ጊዜ እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ሌላ ሴት ቢሆን ኖሮ ሴትየዋን እጠላ ነበር። ባሌ ግን መኪናውን እያወቀ አሳምሞ የሚመጣው ለአንድ ሽማግሌና ለቆርኪ ነው።

ሳጥኗን ይዤ ሄድኩና ሲሳይ ፊት አስቀመጥኳት። ጋሽ ተስፋይ ለጸሎት ወደ ውስጥ ገብተው ነበር።

"ምንድን ናት?" አልኩት።

አቧራዋን በጣቱ ጠረገ። "የሬድዮን ናት።"

"ለምን አላስገጠምካትም?"

"ከተገጠመች በኋላ ምን ብዬ እመጣለሁ?" አለኝ፤ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ለኔስ ለምን እውነቱን አልነገርከኝም? ዳማ መጫወት ደስ ይለኛል ማለት ያቅታል?"

"እቤት ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ የት እንደቆየሁ ነው፣ አስካለ። እዚህ መጀመሪያ የሚሉኝ 'መጣህ?' ነው።"

በሐሳቤ ደሴ ተመለስኩ፤ በራችን ላይ ቆሜ፣ መኪናዋ ሳትቆም፣ ታኮው ሳይገባ፣ "እስካሁን የት ነበርክ?" ስል ራሴን ሰማሁት። ከሠላምታ በፊት ነው የምለው። እንደዚያም ሆኖ ተናደድኩ፤ ትክክል ሲሆን ይበልጥ ነው የሚያናድደኝ።

"ፒንሳ ስጪኝ" አልኳት ትርሐስን።

ባትሪዎቹን በጋሪ ይዘን መኪናዋ ድረስ ሄድን። ትርሐስ እያሳየችኝ የድሮውን ሽቦ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሳጥኗን ከወንበሩ ሥር በካቻቪቴ ያሰርኳት እኔ ነኝ። ሽቦው ጣቴን ቆረጠኝ፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልኩት። ሬድዮኑ ሲከፈት ዜና እያነበበ ነበር። ሲሳይ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ያየን ነበር፣ አልተጠጋም።

ስንመለስ ጋሽ ተስፋይ በር ላይ ናቸው። "ተጠገነች?" አሉ።

"ተጠግናለች፣ አባቴ" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉና ቆርኪዎቹን እያንዳንዳቸው እየዳበሱ ወደ ጣሳ ይከቷቸው ጀመር። ክዳኑን ገጥመው ከወንበራቸው ሥር አስቀመጡት። ረፍዶብን ስለነበር መንገዱን ለማግሥቱ አደረግነው፤ ያን ቀን ዳማ የጠየቀ ሰው የለም።

ዓርብ

ትርሐስ ለመንገድ ድርቆሽ ፈትፍታ ሰጠችኝ፤ በዘይት ጠርሙስ ደግሞ የባትሪ ውሃ ሞልታ አስያዘችኝ። የተበላውን ቀሚሴን "ተይው፣ እኔ እጠግነዋለሁ" ብላ አስቀረችው። ሰማያዊው ላዬ ላይ ነው። ጋሽ ተስፋይ ሲሳይን ግንባሩን ሳሙት፤ "ደህና ሁን፣ ልጄ" አሉት፣ "እንግዲህ በደህና ተመለስ" አላሉትም። እኔ ይህን ልብ አልኩ። ሲሳይም ልብ ብሏል።

ሸዋሮቢት አደርን። የአልጋ ቤቷ ባለቤት እንደገና እግሬን አስነከረችኝና ጣቴን አይታ "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። "ሥራ" አልኳት። ሬድዮኑ እስከሚበቃው ድረስ ሲያወራ አመሸ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሜዳ ላይ፣ በቁልፍ፣ በአንድ ዙር ተነሳች። ያ የሽቦ ገመድ ያለው ሾፌር ከማዶ ሆኖ እጁን አወዛወዘልን። ቦርሳዬ ውስጥ ዲፕሎማዬና ወርቄ እንደነበሩ ናቸው። በተነሳሁባት መኪና ተመለስኩ፤ ደሴ ስንገባ ሲሳይ ከልማዱ መኪናዋን ቁልቁል አቆማት፣ እኔም ታኮውን አስገባሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዷል። የሁለቱ ሌሊት ሰበብ ስለቀረ ቀድሞ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት። ቀኑ አለፈ። በማግሥቱ ማታ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ፤ በር ላይ ቆሜ የለመድኩት ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ።

"መጣህ?" አልኩት።

አየኝ። "መጣሁ።" ታኮውን አስገብቶ ጨርሶ ሳልጠይቀው ነገረኝ። "ቂርቆስ ነበርኩ።"

"ባትሪው?"

"ደህና ነው።"

ከጋቢናው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ቀሚሴ ነበር። አሲድ የበላው ሁሉ በራሱ ቀለም ክር ተሰፍቷል፤ ካልፈለጉት አይታይም። ራት አቀረብኩለት። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ እንዳሸነፉት፣ ትርሐስ ሁለት ሌሊት አያስፈልግህም ብላ እንደሳቀችበት እየነገረኝ በላ። በትግርኛ "መጣህ?" እንዴት እንደሚባል ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። ቅናቴ እንደሆነ አልጠፋም፤ ከወንበሩ ሥር እንዳሰርኳት ሳጥን ቦታውን ይዞ አለ።

ተኝቶ ሳለ የትርሐስን ሰማያዊ ቀሚስ ከሳጥኔ አወጣሁት። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ወረቀትም አዘጋጅቼለት ነበር። በሚቀጥለው ጉዞ በሱ እጅ ልልከው እችል ነበር። አጥፌ መልሼ አስቀመጥኩት። ቀሚሱን ከመለስኩላት በኋላ እኔስ ምን ብዬ እሄዳለሁ?